የምድር ምስክርነትና የነገሥታት ዘመን

ቅዱሳት መጻሕፍት እግዚአብሔር ከሰው ልጅ ጋራ ያደረገውን ሲተርኩ ነገሩን ከቦታና ከዘመን አያርቁትም፤ እገሌ በነገሠ በዚህ ዓመት፥ በዚህ ከተማ ቅጥር አጠገብ፥ ከዚህ ወንዝ ማዶ እያሉ ይናገራሉ እንጂ። ከተማና ቅጥር፥ ንጉሥና ዘመን እየጠራ የሚናገር መጽሐፍ ራሱን ለምርመራ የሰጠ ነውና፥ ከ19ኛው መቶ ዓመት ወዲህ በመስጴጦምያ፥ በግብፅና በከነዓን ምድር ከትቢያ በታች የወጣው ጽሕፈትና ፍርስራሽ ከመጽሐፉ ጋራ ፊት ለፊት መገናኘቱ የማይቀር ሆነ። ይህም በሆነ ጊዜ በሊቃውንትም በምእመናንም ዘንድ ሁለት ወገን ተነሣ፤ አንደኛው ድንጋዩ ከመጽሐፉ ጋራ በተስማማ ቍጥር እልል የሚል፥ በተለየ ጊዜ ግን ጆሮውን የሚደፍን ሲሆን፥ ሁለተኛው ልዩነት በታየ ቍጥር መጽሐፉን ተረት ነው የሚል፥ ስምምነት በታየ ጊዜ ግን ዐይኑን የሚጨፍን ነው። በዚህ ሐተታ ላስረዳ የምወደው ሁለቱም ወገኖች በአንድ ጥፋት መውደቃቸውን ነው፤ ጥፋቱም ምስክር ጠርቶ፥ ካስማሉት በኋላ፥ ከቃሉ የሚጠቅመውን ብቻ መቀበል ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ዘመን ቈጠራ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ከልደተ ክርስቶስ በፊት የሆኑትም በኋላ የሆኑትም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል። ምድር ሳትቈፈር በፊት የጥንቱ ዘመን የሚታወቀው በመደመር ነበር፤ የአበው ዕድሜ፥ የመሳፍንት ዘመን፥ የነገሥታት ዓመተ መንግሥት አንዱ በሌላው ላይ እየተጨመረ ከአዳም እስከ ክርስቶስ ያለው ድምር ይወጣ ነበር። የእኛ ቤተ ክርስቲያን በዚህ መንገድ የእስክንድርያን ሊቃውንት ተከትላ ለአዳም የተሰጠው የአምስት ቀን ተኩል ተስፋ በ5500 ዘመን ተፈጸመ ስትል፥ የአየርላንዱ ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር ግን በ1650 ባሳተመው መጽሐፍ ዓለም የተፈጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 ዓመት ነው ብሏል። ሁለቱ በሺህ አምስት መቶ ዓመት ያህል የተራራቁት አንዱ ሒሳብ ዐዋቂ፥ ሌላው አላዋቂ ስለ ሆነ አይደለም፤ የእኛ ቈጠራ የተመሠረተበት የሰብዓ ሊቃናት የግሪክኛ ትርጓሜ፥ ብዙዎቹ አበው ልጅ እስከ ወለዱበት ቀን ድረስ የነበራቸውን ዕድሜ፥ አሸር ከተከተለው የዕብራይስጥ ንባብ በመቶ በመቶ ዓመት አስበልጦ ስለሚሰጥ ነው እንጂ።

የልደተ ክርስቶስ ዓመት ራሱ ከዚህ ዐይነት ክርክር ነጻ አይደለም። እኛና አውሮፓውያን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት እንለያያለን፤ ነገር ግን የአይሁድ ታሪክ ጸሓፊ ፍላቪዮስ ዮሴፍ ሄሮድስ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ጨረቃ መጨለሟን ስለ ጻፈ፥ ከሊቃውንት የሚበዙት የሄሮድስን ሞት ከልደት በፊት በ4 ዓመት ያደርጉታል፤ ጌታም የተወለደው በሄሮድስ ዘመን ነውና፥ እንዲህ ከሆነ የእነርሱም ቈጠራ የእኛም ቈጠራ ከእውነተኛው ልደት ዘግይቷል ማለት ነው። ይህን የሚሰማ ምእመን ሊደነግጥ አይገባውም፤ ቤተ ክርስቲያን የምታምነው ቃል ሥጋ መሆኑን ነው፥ ዓመቱን ግን የወሰኑት እንደ ማናቸውም ሰው እየደመሩና እየቀነሱ የደከሙ ሊቃውንት ናቸው።

መደመር ሊሰጥ ያልቻለውን የጸና ዓመት የሰጠው ከነነዌ ፍርስራሽ የወጣው ሸክላ ነው። አሦራውያን እያንዳንዱን ዓመት በአንድ ታላቅ ሹም ስም የመጥራት ልማድ ነበራቸውና፥ የሹማምንቱን ስም በተራ የያዘውን መዝገብ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሮሊንሰን በ1862 ለዓለም አስታወቀ። ከእነዚያ ዓመታት በአንደኛው፥ ቡር ሳጋሌ በሚባለው ሹም ዓመት፥ በአሦር ከተማ ዐመፅ መነሣቱና በሲዋን ወር ፀሐይ መጨለሟ ተጽፏል። የፀሐይ መጨለም ንጉሥ የማያዝዘው፥ ጸሓፊም ሊያሳስተው የማይችለው ምልክት ነው፤ የከዋክብት ሊቃውንት ወደ ኋላ ቈጥረው ያ ቀን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ763 ዓመት ሰኔ ውስጥ፥ እንደ እነርሱ ቈጠራ ጁን 15 ቀን፥ መዋሉን አረጋገጡ። ከዚያ ቀን ተነሥቶ መዝገቡ ወደ ላይም ወደ ታችም ሲቈጠር፥ ሁለት መቶ ስድሳ ዓመት ያህል እያንዳንዱ በየስፍራው ዐርፎ ተገኘ፤ የእስራኤልና የይሁዳ ነገሥታትም ከአሦር ነገሥታት ጋራ በተገናኙበት ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀ ዓመት አገኙ።

የዚህን ጥቅም በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በ1861 ኩርክ በሚባል ስፍራ የተገኘው ሐውልት የአሦር ንጉሥ ሣልሳዊ ስልምናሶር በቀርቀር ከገጠሙት ነገሥታት መካከል የእስራኤልን ንጉሥ አክዓብን ከ2000 ሠረገላና ከ10000 ወታደር ጋራ ይቈጥራል፤ የጦርነቱም ዓመት 853 ነው። ኦስተን ላያርድ በ1846 በካላሕ ያገኘው ጥቍር ሐውልት ደግሞ ኢዩ ለዚሁ ለስልምናሶር ግብር ማግባቱን ያሳያል፤ የግብሩም ዓመት ከንጉሡ ዜና መዋዕል እንደሚታወቀው 841 ነው። እንግዲህ በ853 ገና በሕይወት ከነበረው ከአክዓብ እስከ ኢዩ ድረስ ያለው ዘመን ከዐሥራ ሁለት ዓመት ሊበልጥ አይችልም፤ መጽሐፈ ነገሥት ግን በመካከላቸው ለአካዝያስ ሁለት፥ ለኢዮራም ዐሥራ ሁለት፥ በድምሩ ዐሥራ አራት ዓመት ይሰጣል። ይህ ብዙ ዘመን እንደ ስሕተት ሲቈጠር ከቈየ በኋላ፥ አሜሪካዊው ኤድዊን ቲሌ በ1951 ስለ ዕብራውያን ነገሥታት ቍጥሮች ባሳተመው መጽሐፍ፥ በዚያ ዘመን በሰሜኑ መንግሥት አንድ ንጉሥ ሞቶ ሌላው የተተካበት ዓመት ለሟቹም ለተተኪውም እንደ ሙሉ ዓመት ይቈጠር እንደ ነበር አስረዳ። በዚህ ልማድ ሁለት የተባለው በእውነቱ አንድ፥ ዐሥራ ሁለት የተባለውም ዐሥራ አንድ ነውና፥ ድምሩ ያለ ምንም ማጠፍና መዘርጋት ዐሥራ ሁለት ይሆናል። ሐውልቱ በዚህ ስፍራ መጽሐፉን ከማጽደቁ ይልቅ እንዴት እንደሚነበብ አስተማረን፤ እኔም ይህን ከማጽደቅ የሚበልጥ ጥቅም ነው እላለሁ።

ነገር ግን ድንጋይ ስለ ሆነ ብቻ አይዋሽም ማለት አይደለም። ያው ጥቍር ሐውልት የዖምሪን ቤት በሰይፍ ያጠፋውን ኢዩን የዖምሪ ልጅ ብሎ ይጠራዋል፤ በ1868 በዲቦን የታየው፥ ከጥቂት ጊዜም በኋላ የሀገሩ ሰዎች የሰባበሩት የሞዓብ ንጉሥ የሞሳ ሐውልት ደግሞ፥ መጽሐፈ ነገሥት ሞሳ ለእስራኤል ይገብር እንደ ነበርና በኋላ እንደ ሸፈተ የሚናገረውን እያጸና፥ ድሉን ሁሉ ግን ለአምላኩ ለካሞሽ ሰጥቶ፥ እስራኤል ለዘላለም ጠፋ ብሎ ይፎክራል። እስራኤል ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖሯል። እንግዲህ ሐውልት የሚያቆም ንጉሥ የሚመሰክረው ስለ ራሱ ነውና፥ የሙሴ ሕግ በአንድ ምስክር ብቻ ፍርድ እንዳይሰጥ ያዘዘበት ጥበብ በድንጋዩም ላይ ሊፈጸም ይገባል።

ብዙ ምስክሮች ስለ አንድ ነገር አብረው የቆሙበት የተመረጠ ስፍራ ቢኖር የሕዝቅያስ ዘመን ነው። የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም በ701 ወደ ይሁዳ መዝመቱን መጽሐፈ ነገሥትም፥ ትንቢተ ኢሳይያስም፥ ዜና መዋዕልም ይተርካሉ፤ በነነዌ የተገኘውና አሁን በብሪታንያ ሙዚየም ያለው ስድስት ገጽ ያለው የሸክላ ዓምድ ደግሞ ያንኑ ዘመቻ በሰናክሬም አንደበት ይናገራል። ሰናክሬም 46 የተመሸጉ ከተሞችን እንደ ያዘ፥ 200150 ሕዝብ እንደ ማረከ፥ ሕዝቅያስንም በኢየሩሳሌም ውስጥ በቀፎ ውስጥ እንዳለ ወፍ ዘግቶ እንደ አስጨነቀው ያወራል። መጽሐፉ ሕዝቅያስ 30 መክሊት ወርቅና 300 መክሊት ብር ገበረ ሲል፥ ዓምዱም ወርቁን 30 ብሎ ይስማማል፥ ብሩን ግን 800 ያደርሰዋል። ይህን ልዩነት አንዳንዶች በሚዛን ልዩነት፥ አንዳንዶች በንጉሡ ፉከራ ይፈቱታል።

ከንግግሩ ይልቅ የሚያስደንቀው ዝምታው ነው። ያን ያህል የሚፎክረው ንጉሥ ኢየሩሳሌምን ያዝሁ አላለም፤ በነነዌ ቤተ መንግሥቱም ግድግዳ ላይ በትልቁ ያስቀረጸው የኢየሩሳሌምን ሳይሆን የለኪሶን መያዝ ነው። መጽሐፈ ነገሥት ለኪሶን የሚጠቅሰው ሰናክሬም ሰፍሮባት እንደ ነበረና ሕዝቅያስ ወደዚያ እንደ ላከ ብቻ ሲሆን፥ ላያርድ ያገኘው ቅርጽ ግን ቅጥሩን፥ የዐፈር ድልድሉን፥ ቅጥር የሚያፈርሰውን ግንድ፥ በሰልፍ የሚወጡትን ምርኮኞች አንድ በአንድ ያሳያል። ስፍራው በተቈፈረ ጊዜም ድልድሉ እንደ ተከመረ፥ የፍላጻው ጫፍና የወንጭፉ ድንጋይ እንደ ተበተነ ተገኘ፤ ሊቃውንትም ጥፋቱ የሰናክሬም ነው ወይስ የናቡከደነፆር እያሉ ብዙ ዘመን ከተከራከሩ በኋላ፥ ከ1973 ጀምሮ ዴቪድ ኡሲሽኪን የመራው ቍፋሮ ነገሩን ለሰናክሬም ወሰነው። በኢየሩሳሌም ደግሞ ከግዮን ምንጭ ወደ ሰሊሆም መጠመቂያ ውኃ የሚወስደው 533 ሜትር የሚረዝም ዋሻ አለ፤ በውስጡም በ1880 የተገኘው ጽሕፈት ጠራቢዎቹ ከሁለት ወገን ተነሥተው እንዴት እንደ ተገናኙ ይናገራል፥ የንጉሡን ስም ግን አይጠራም። በ2003 የታተመ የካርቦንና የዩራኒየም ምርመራ ዋሻውን ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 700 ዓመት ገደማ አድርጎታል፤ ይህም ሕዝቅያስ ውኃውን ወደ ከተማይቱ አገባ ከሚለው ጋራ ይስማማል።

እስከዚህ ድረስ ስምምነት ነው፤ ከዚህ ወዲያ ግን ጥያቄ ይጀምራል። መጽሐፉ ሰማርያ የተያዘችው ሕዝቅያስ በነገሠ በ6ኛው ዓመት፥ ሰናክሬም የመጣው ደግሞ በ14ኛው ዓመት ነው ይላል፤ በሁለቱ መካከል ስምንት ዓመት ማለት ነው። የሰማርያ ውድቀት 722 ገደማ፥ የሰናክሬም ዘመቻ 701 መሆኑ ከታወቀ ግን፥ ልዩነቱ ሃያ አንድ ዓመት ይሆናል። ከሊቃውንት አንዳንዶቹ ሕዝቅያስ መጀመሪያ ከአባቱ ከአካዝ ጋራ አብሮ ነግሦ ነበርና አንዱ ቍጥር ከዚያ፥ ሌላው ብቻውን ከነገሠበት ይነሣል ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ዐሥራ አራት የሚለው ጥንት ሃያ አራት ነበረ ይላሉ፤ ቲሌ ራሱ ግን የእስራኤልን ንጉሥ የሆሴዕንና የሕዝቅያስን ዘመን ያገናኘው ኋለኛ ጸሓፊ ተሳስቷል እስከ ማለት ደርሷል። እንዲሁም ሰናክሬምን ሊወጋ ወጣ የሚባለው፥ መጽሐፉ የኢትዮጵያ ንጉሥ የሚለው የኩሹ ቲርሐቅ፥ ዘውድ የደፋው በ690 ነውና በ701 ገና ንጉሥ አልነበረም፤ ጸሓፊው በኋላ በደረሰበት ማዕረግ ጠራው የሚለው መልስ የሚያረካ ይመስለኛል። ሰናክሬም ወደ ነነዌ ተመልሶ በልጆቹ እጅ መሞቱንም መጽሐፉ ወዲያው አስከትሎ ሲተርከው፥ በባቢሎን ዜና መዋዕልም በልጁ እጅ መገደሉ ተጽፎ ቢገኝ፥ ዓመቱ ግን 681 ነው፤ በአንድ ትንፋሽ በሚነበቡት ሁለት ቍጥሮች መካከል ሃያ ዓመት ዐልፏል ማለት ነው። መጽሐፉ ዘመን ለመቍጠር ሳይሆን ፍርደ እግዚአብሔርን ለማሳየት ስለ ተጻፈ፥ ዓመታቱን አጥፎ ቢያልፍ አያስነቅፈውም፤ አንባቢው ግን መታጠፋቸውን ማወቅ አለበት።

ስምምነቱን በደስታ የተቀበለ ሰው አሁን ወደ ኢያሪኮ ይምጣ። እንግሊዛዊው ጆን ጋርስታንግ ከ1930 እስከ 1936 ቈፍሮ የወደቀ ቅጥር ባገኘ ጊዜ፥ ይህ ኢያሱ ያፈረሰው ነው ብሎ ዘመኑን ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 1400 ገደማ አደረገው፤ ወሬውም በክርስቲያን ዓለም ሁሉ ተሰማ። ከእርሱ በኋላ ካትሊን ኬንየን ከ1952 እስከ 1958 በበለጠ ጥንቃቄ ድርብርቡን የዐፈር ንብር እየለየች ስትቈፍር ግን፥ ያ ቅጥር ጋርስታንግ ካለው በሺህ ዓመት ያህል የሚቀድም፥ ከተማይቱም በ16ኛው መቶ ዓመት ተቃጥላ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ያለ ቅጥር የቀረች ሆና አገኘቻት። በ1995 የተቃጠለው እህል በካርቦን ሲመረመር ያንኑ የ16ኛውን መቶ ዓመት አመለከተ። ኢያሱ በ1400ም ይሁን ብዙዎች እንደሚሉት በ13ኛው መቶ ዓመት፥ ቍፋሮው የሚያሳየው ከትረካው ጋራ አይገጥምም። ይህን መልስ ለማስተባበል የሚደክሙ አሉ፤ ነገር ግን ለሰናክሬም ዓምድ የታመነውን ሳይንስ ለኢያሪኮ ሲሆን የሚያጥላላ ሰው፥ መጽሐፈ ምሳሌ በእግዚአብሔር ዘንድ አስጸያፊ ነው የሚለውን ሁለት ዐይነት ሚዛን የያዘ ነው።

ሚዛኑ ግን በሌላውም ወገን እኩል ሊሆን ይገባል። ከ1993 በፊት የዳዊት ስም በአንድም ድንጋይ ላይ አልተገኘምና ዳዊት የሚባል ንጉሥ አልነበረም የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ፤ በዚያ ዓመት አቭራሃም ቢራን በሚመራው ቍፋሮ በዳን የተገኘው፥ በ9ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት በሶርያ ንጉሥ የተጻፈው ስብርባሪ ግን ቤተ ዳዊት የሚለውን ስም ይዞ ወጣ። ያልተገኘ ሁሉ ያልነበረ አይደለም፤ ምድር ከያዘችው የሰጠችን ጥቂቱን ነው። በሌላ በኩል ስለ ኢየሩሳሌም መማረክ የባቢሎን ዜና መዋዕል፥ ዶናልድ ዋይዝማን በ1956 እንዳሳተመው፥ ናቡከደነፆር ከተማይቱን የያዘበትን ቀን ለይቶ ይሰጣል፤ ቀኑም በ597 ማርች 16 ነው። ስለ ኋለኛው የመቅደስ ጥፋት ግን ሸክላው ስለ ጐደለ፥ ሊቃውንት እስከ ዛሬ 587 ነው፥ 586 ነው እያሉ ይከራከራሉ። የጐደለው ሸክላ መቅደሱ አልፈረሰም ብሎ እንደማይመሰክር ማንም ያውቃል።

ይህ ሚዛን የሚጸናው በእኛም ቤት ላይ ሲሠራ ነው። ጄምስ ብሩስ በ1773 ከኢትዮጵያ ይዞት ወደ አውሮፓ የተመለሰው መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው በግእዝ ብቻ የቀረ ሲሆን፥ ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች በተገኙት ብራናዎች መካከል የአራማይስጥ ቍራጮቹ ወጡ፤ ዩሴፍ ሚሊክም በ1976 አሳተማቸው። ኩፋሌም በዕብራይስጥ ተገኘ። አባቶቻችን ሌላው ዓለም የጣለውን ጠብቀው እንዳቈዩ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይኖርም፤ ነገር ግን ከሄኖክ መካከል ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው፥ ስለ ሰው ልጅ የሚናገረው ክፍል፥ በቁምራን አንድም ቍራጭ አልተገኘለትም፤ በቀረው ደስ ያለን ይህንንም ልንናገር ይገባናል። በአክሱም ሕዝቡ የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት የሚለው የዱንጉር ፍርስራሽም፥ ቆፋሪዎቹ እንዳሳዩት፥ ከሰሎሞን ዘመን ከሺህ ዓመት በላይ ዘግይቶ በክርስትና ዘመን የተሠራ ነው። የንግሥቲቱ ትውፊት በዚህ ፍርስራሽ ላይ አልተመሠረተምና ፍርስራሹ ቢወድቅ አይወድቅም፤ ቤቱን ግን ያለ ዘመኑ ለእርስዋ መስጠት ለእርስዋም ክብር አይጨምርላትም።

እንግዲህ ፍርዱ እንዲህ ነው። ሸክላና ድንጋይ ስለ ነገሥታት፥ ስለ ከተሞች፥ ስለ ዓመታት ይመሰክራሉ፤ በዚህም ጕዳይ ቃላቸው ከመጽሐፉ ቢስማማም ቢለይም እስከ መጨረሻው ሊሰማ ይገባል። ሰናክሬም ኢየሩሳሌምን ሳይዝ መመለሱን ሸክላው ያስረዳል፤ የመለሰው መልአከ እግዚአብሔር መሆኑን ግን ሸክላ ሊያጸናውም ሊያፈርሰውም አይችልም፥ ይህ የእምነት ነገር ነውና። እምነቱን በኢያሪኮ ቅጥር ላይ የሠራ ሰው በኬንየን አካፋ ይናወጣል፤ ክህደቱንም በዳዊት ስም አለመገኘት ላይ የሠራ በቢራን አካፋ ተናውጧል። ለአንድ ንባብ ብዙ ሐተታ እያስከተሉ ሁሉን አብረው መያዝ የለመዱት የትርጓሜ መምህራኖቻችን ለዚህ ጥናት ከማንም ይልቅ የተዘጋጁ ናቸውና፥ በመንፈሳዊ ትምህርት ቤቶቻችን የነገሥታትና የነቢያት መጻሕፍት ሲተረጐሙ የእነዚህ ሐውልቶችና ሸክላዎች ቃል አብሮ ቢነበብ፥ ደቀ መዛሙርቱም ስምምነቱንና ልዩነቱን በአንድ ሚዛን መመዘንን ከወጣትነታቸው ቢማሩ፥ ቤተ ክርስቲያን የምታገኘው ጥቅም እንጂ የሚደርስባት ጕዳት የለም።